ወደ ኋላ የሚታጠፍ ጉልበት

በሕይወቴ የራሴ የምለው አንድ ሳይንሳዊ ግኝት አለኝ። መጽሐፍ ላይ አይገኝም። ከእኔ በፊት ማንም አልደረሰበትም፤ ከእኔም በኋላ ማንም እንዳይደርስበት እጸልያለሁ። ይህን ግኝት በአንድ የክፍለ ሀገር ከተማ ለአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አስተምሬዋለሁ። ከዚያም ባሕር ተሻግሮ፣ ሎስ አንጀለስ ድረስ ተከትሎኝ መጥቶ ጉድ ሊያደርገኝ ትንሽ ነበር የቀረው።

የተማርኩት ጂኦግራፊ ነበር። የባዮሎጂው መምህር ተዛውሮ ሲሄድ ርእሰ መምህሩ ቢሮው ጠርቶኝ፣ «አንተ ወንዝና ተራራውን ታውቀዋለህ። ዛፉም እንስሳውም እዚያው ላይ ነው ያለው። ባዮሎጂውን ያዝልኝ» አለኝ። ያዝኩለት። ከተማሪዎቼ አንድ ምዕራፍ ብቻ እየቀደምኩ፣ አንዳንዴም አንድ ገጽ ብቻ፣ መሮጥ ጀመርኩ።

ስለ አዝጋሚ ለውጥ የሚያወራው ምዕራፍ ላይ አንድ የምወደው ሥዕል ነበር። የሰው ክንድ፣ የሌሊት ወፍ ክንፍ፣ የዓሣ ነባሪ መቅዘፊያ፣ የፈረስ የፊት እግር ጎን ለጎን ተሥለዋል። አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ይበራል፣ አንዱ ይዋኛል፣ አንዱ ይጋልባል። ሥጋውን ገልጠህ ስታይ ግን አጥንቱ አንድ ነው፤ ከትከሻ ወደ ታች አንድ አጥንት፣ ከክርን በታች ሁለት፣ ከዚያ የእጅ አንጓ ጠጠሮች፣ ከዚያ ጣት። ሥራቸው ተለያየ እንጂ ከአንድ ቅድመ አያት የወረሱት ነው። ይህን «ሆሞሎገስ» እንለዋለን። የቢራቢሮ ክንፍና የወፍ ክንፍ ደግሞ ሁለቱም ይበሩበታል፤ ውስጣቸው ግን አይተዋወቅም፤ እያንዳንዱ በየራሱ መንገድ ነው ክንፍ ያበጀው። ይህ «አናሎገስ» ነው። እዚህ ድረስ መጽሐፉ እጄን ይዞኝ ስለነበር አልተሳሳትኩም።

ችግሩ መጽሐፉ ስለ ኋላ እግር ዝም ማለቱ ነው። እኔ ደግሞ ዝምታ አልወድም። የአከራዬን ዶሮ ቁጭ ብዬ ተመለከትኳት። እግሯ መሐል ላይ ያለው መታጠፊያ ወደ ኋላ ነው የሚሄደው። የጋሪ ፈረሱንም አየሁት፤ እሱም እንደዚያው። የጎረቤት ውሻም እንደዚያው። ስለዚህ ጥቁር ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፍኩ፦ የሰው ጉልበት ወደ ፊት ይወጣል፣ የእንስሳት ጉልበት ወደ ኋላ ይታጠፋል። አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። አላውቅም ማለት ያን ጊዜ ለመምህር ነውር ነበር። «የእንስሳት ሸክም ጀርባቸው ላይ ስለሆነ» አልኩ፤ ካልኩት በኋላ ደስ ስላለኝ እሱንም ጻፍኩት።

ሰሌዳ ላይ የተጻፈ ነገር ደብተር ውስጥ ይገባል። ከደብተር ወደ ጭንቅላት፣ ከጭንቅላት ወደ ፈተና ወረቀት ይሄዳል፤ መንገድ ላይ አንድ ቃል እንኳ ሳይጎዳ። እኛ እንደዚያ ነበር የምናስተምረው። ቃሌን እንደ ሰጠኋቸው ለሚመልሱልኝ ሙሉ ነጥብ እሰጥ ነበር። በራሱ አነጋገር ለሚጽፍ ተማሪ ግማሽ እቀንስበት ነበር።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ ሎስ አንጀለስ አጠገብ ሳንታ ሞኒካ አንድ ሆቴል በር ላይ የሰው መኪና ፓርክ አደርግ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ላይ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ልሁን ብዬ ኮሌጅ ተመዘገብኩ። ፎርሙ ቀድሞ የነበረኝን ሥራ ሲጠይቀኝ «ፓርኪንግ» ብቻ ብዬ ሞላሁ። መምህርነቴን ብጽፍ ማስረጃ ይሉኛል፤ ማስረጃው ከአገር ቤት አልመጣም። እውነቱን ልናገርና፣ ማስረጃው ቢመጣ ኖሮም እንዲህ ያለ ባዮሎጂ አስተምሬ ነበር ብዬ የምናገርበት ድፍረት አልነበረኝም።

የመጀመሪያው ቀን ክፍል ውስጥ፣ ከፊቴ ሁለት ረድፍ ቀድማ የተቀመጠች አንዲት ሴት ዘወር ብላ አየችኝ። እንደገና አየችኝ።

«ቲቸር?»

ሠላሳ ሊሞላት የደረሰች፣ የነርስ ረዳት ዩኒፎርም የለበሰች ሴት ናት። አላወቅኳትም።

«አሥረኛ ቢ። ሦስተኛው ዴስክ፣ መስኮቱ ጋ» አለችኝ። ከዚያ እዚያው ቆማ፣ በእንግሊዝኛ፣ የሆሞሎገስን ትርጉም ከነነጠላ ሰረዙ በቃሏ አወረደችልኝ። የእኔው ኖት ነበር። ደረቴ በሁለት ቁጥር ሰፋ። «እዚህ ምን ይሠራሉ?» ስትለኝ፣ «እውቀቴን ላድስ ብዬ ነው» አልኳት።

ቀስ በቀስ ጉዳይዋን አጫወተችኝ። አረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ትሠራለች፤ የምትፈልገው ግን ነርሲንግ መግባት ነው። ለዚያ ይህ ኮርስ በጥሩ ውጤት ማለቅ አለበት። አንድ ጊዜ ወስዳው በፈረቃ ምክንያት ወድቃለች። ኮሌጁ ሁለተኛ ዕድል ይሰጣል፤ ሦስተኛ የለም።

«ሶ ይኼ የመጨረሻዬ ነው» አለችኝ። «አሁን ግን እርስዎ አሉ፤ ኦኬ ነኝ።»

እኔ ነበርኩ የምፈራው፤ እሷ ግን ስላመነችኝ ፍርሃቴ ጠፋ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ፌርፋክስ ላይ ተገናኝተን እናጠና ጀመር። ያን ጊዜ እዚያ ጎዳና ላይ የእኛ ሰው ቤት በጣት የሚቆጠር ነበር። አንዲት እትዬ የምንላቸው ባለ ሬስቶራንት፣ ምሳው አልቆ እራቱ እስኪጀመር ባለው ሰዓት ጥግ ያለውን ጠረጴዛ ይለቁልናል። እኔ አስረዳለሁ፣ እሷ ትገለብጣለች። አሥረኛ ቢ እንደ ገና ተከፈተ ማለት ነው። አንድ ሳምንት ፕሮፌሰሩ ስለ ኋላ እግር ያስተማሩ ዕለት እሷ ፈረቃ ገብታ ቀረች። እኔ ክፍል ውስጥ ነበርኩ፤ ነበርኩ ማለት እንኳ ይከብዳል፤ ከሥራ ቀጥታ ስለሄድኩ በሁለተኛው ስላይድ ላይ እንቅልፍ ወስዶኛል።

«ቲቸር፣ ያመለጠኝን ከሌላ ተማሪ ኖት ልዋስ?» አለችኝ።

«ምን ያደርግልሻል፣ የእኔ አለሽ አይደል።»

ይህን ያልኩትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

የላቦራቶሪ ፈተናው እንዲህ ነበር፦ ክፍሉ ውስጥ ጠረጴዛዎች ተደርድረዋል፤ በየጠረጴዛው አጥንት አለ፤ አጥንቱ ላይ ቀይ ክር ታስሯል። አንድ ደቂቃ ቆመህ ትጽፋለህ፣ ደወል ሲደወል ወደሚቀጥለው ታልፋለህ። እሷ ከፊቴ፣ እኔ ከኋላዋ ነበርን። ክንፉን፣ መቅዘፊያውን፣ የቢራቢሮውን ጉዳይ ሁሉ አሳምረን ጻፍን። ወደ መጨረሻው የፈረስ፣ የውሻና የዶሮ የኋላ እግር መጣ። ክሩ መሐል መታጠፊያው ላይ ታስሮ፣ ይህ በሰው አካል ላይ የትኛው መገጣጠሚያ ነው፣ ምክንያትህን ጻፍ ይላል። ጉልበት ብዬ ጻፍኩ። ምክንያቱንም ጻፍኩ። እንዲያውም ፈገግ ብያለሁ።

ከሦስት ቀን በኋላ ፕሮፌሰሩ ሁለታችንን ቢሮ ጠሩን። ቀጭን፣ ድምፃቸውን የማያነሡ ሽማግሌ ናቸው። ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ዘረጉ።

«ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ስህተት ቢሳሳት አይገርመኝም» አሉ። «ቀይ ክሩ የታሰረው ቁርጭምጭሚት ላይ ነበር። ብዙ ተማሪ ጉልበት ይለዋል። እናንተ ግን ሦስቱም ቦታ ላይ በአንድ ዓይነት ቃል ተሳስታችኋል። ምክንያቱን ደግሞ ሁለታችሁም፣ እንስሳት ሸክማቸው ጀርባቸው ላይ ስለሆነ ጉልበታቸው ወደ ኋላ ይታጠፋል ብላችኋል።» ጣታቸውን አንደኛው ወረቀት ላይ አሳረፉ። «ይህን የጻፋችሁት ዶሮዋ ጠረጴዛ ላይ ነው። ዶሮ ምን ትሸከማለች?»

ወረቀቶቹን ሰበሰቡ።

«አንዳችሁ ከሌላችሁ ቀድታችኋል። ይህን ለኮሌጁ ማሳወቅ ግዴታዬ ነው።»

ሴትዮዋን አየኋት። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ጠረጴዛውን ነበር የምታየው። ስሙ በኩረጃ የተመዘገበ ሰው ነርሲንግ ትምህርት ቤት በር አይደርስም። ሁለታችንም እናውቃለን።

«እኔ ነኝ የቀዳሁት» አልኩ። «ከእሷ።»

ሲሰሙት ጀግንነት ይመስላል። ለራሴም ለጥቂት ሰከንድ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ግን እያሰብኩት ስመጣ ምን እንደሆነ ገባኝ፤ መጥፎ አስተማሪ ከምባል ሌባ መባል ቀሎኝ ነው።

ፕሮፌሰሩ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «እሺ። እሷስ ከየት አመጣችው? ከእኔ አልሰማችውም። ከመጽሐፉ አይደለም። በማስተማር ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ምክንያት የትም አላየሁም።»



«ቲቸር፣ ይንገሯቸው» አለችኝ በአማርኛ።

ዝም አልኩ።

«እርስዎ ካልነገሯቸው እኔ እነግራቸዋለሁ። እኔ ነርስ መሆን እፈልጋለሁ።»

ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ያ ነው የባሰብኝ። ስለዚህ ተናገርኩ። ፎርሙ ላይ ያልሞላሁትን ሁሉ፣ ጂኦግራፊውን፣ ርእሰ መምህሩን፣ የአከራዬን ዶሮ፣ አሥረኛ ቢን፣ አንድ በአንድ አወጣሁት። ከእኔ ቀድታ አይደለም፤ ከአሥር ዓመት በላይ በፊት ሰጥቻት ነው፤ እኔም ያንኑ ነው የጻፍኩት አልኩ።

ፕሮፌሰሩ ለማመንም ላለማመንም አልቸኮሉም። ለሁለታችንም ባዶ ወረቀት ሰጥተው፣ እሷን ውጭ ኮሪደሩ ላይ፣ እኔን እዚያው አስቀምጠው፣ «በዚያ ክፍል ሰሌዳ ላይ የነበረውን የፈረስ ሥዕል ሣሉልኝ» አሉን። አሥር ደቂቃ ያህል ሣልን። ከዚያ ሁለቱን ወረቀቶች ይዘው ብዙ ጊዜ ተመለከቱ።

የእኔ ፈረስ ፍየል ነው የሚመስለው። የእሷም ፍየል ነው የሚመስለው። ሆዱ ተንጠልጥሏል፣ የኋላ እግሩ ወደ ኋላ ተሰብሯል። ጅራቱ ግን ወደ ታች አይወርድም፤ እንደ ባንዲራ እንጨት ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ቆሟል። በሁለቱም ላይ።

«ጅራቱ ለምንድን ነው የቆመው?» አሉኝ።

እኔ ራሴ ረስቼው ነበር። ትንሽ ማሰብ አስፈለገኝ። «ሰሌዳው ቀኝ በኩል ታች ተሰንጥቆ ነበር» አልኩ። «ጠመኔው እየገባ ይሰበርብኛል። ስለዚህ ጅራቱን ወደ ላይ እወስደው ነበር።»

«እሷስ ለምን እንደዚህ ሣለችው?»

«ቲቸር እንደዚያ ስለሣሉት» አለች በሩ ላይ ቆማ።

ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። እርሳስ አንሥተው የእኔ ፈረስ ባለበት ወረቀት ጀርባ ላይ አንድ ግንድ፣ ከግንዱ ሁለት ቅርንጫፍ ሣሉ። አንዱ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ የእሷን፣ ሌላው ላይ የእኔን ስም ጻፉ። ግንዱ ላይ ምንም አልጻፉም፤ ትንሽ ስንጥቅ ብቻ አደረጉበት።

«ሁለት ነገር ጥቅም ባለው ነገር ቢመሳሰል ብዙ አይነግረኝም» አሉ። «ክንፍ ለሁሉም ይጠቅማል፤ ስለዚህ ብዙው በየራሱ ደርሶበታል። ምንም በማይጠቅም ነገር ሲመሳሰሉ ግን አንድ ቤት ተወልደዋል እላለሁ። እናንተ አልተሰራረቃችሁም፤ ዘመዳሞች ናችሁ።»

የኋላ እግሩን ክፍል ሐሙስ ዕለት እንድንደግም ፈቀዱልን፤ በሁለት የተለያየ ክፍል፣ ከበፊቱ በባሰ ጥያቄ። ልንወጣ ስንል ወደ እኔ ዞሩ። «እርስዎ ደግሞ እስከ ሐሙስ ድረስ ምንም ነገር እንዳያስተምሯት።»

አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ ተቀመጥን።

«ቲቸር።»

«አቤት።»

«ለምን ብዬ የጠየቅሁት እኔ ነበርኩ እኮ።»

አላስታወስኳትም ነበር። አሁን ግን የወጣችው እጅ ታየችኝ፤ መስኮቱ ጋ።

«አላውቅም ቢሉኝ ምን ነበረበት?»

«ምንም» አልኳት። «ምንም አልነበረበትም።»

«እና ዶሮ ምን ትሸከማለች ብለው ነበር?»

«ስለ ዶሮ አላሰብኩም። አህያ ነበር ያሰብኩት።»

መሳቅ አልፈለገችም፤ ግን አመለጣት። ከዚያ አውቶቡሷ መጣና ሄደች። ሳቋ ይቅርታ እንዳልነበር አውቃለሁ። ሐሙስ ብትወድቅ ዕድሜዋን ሙሉ የሽማግሌ ፎጣ ስታጥፍ የምትኖረው በእኔ ሰሌዳ ምክንያት ነው።

ቅዳሜ ወደ ሬስቶራንቱ ምሳ ልበላ ስሄድ ጥግ ያለው ጠረጴዛ ላይ አጣኋት። ከወጥ ቤቱ ድምፅ ሰማሁና ጭንቅላቴን አስገባሁ። እትዬ ቢላ ይዘው ቆመዋል፤ ተማሪዬ አጠገባቸው ሽርጥ አስራለች። ከፊታቸው ከነጥፍሩ ያለ ዶሮ ተጋድሟል። ሱፐርማርኬት የሚሸጠው እግሩ ተቆርጦ ስለሚመጣ፣ እትዬ ከቻይኖች ገበያ ነው ያስመጡት።

«እርስዎ እንዳይገቡ» አለችኝ ተማሪዬ።

«ልመለከት ብቻ ነው።»

«አይናገሩም?»

«አልናገርም።»

እትዬ ይህን ሁሉ ሰምተዋል። ፌርፋክስ ላይ ያልሰማ አልነበረም። «ግባና ቁም፤ ትንሽ ብትማር አይጎዳህም» አሉኝ። ከዚያ ቢላቸውን ይዘው ወደ ሥራቸው። ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት ማውጣት ከልጅነታቸው ጀምሮ እጃቸው ላይ ያለ ሙያ ነው፤ አጥንት አይሰብሩም፣ መገጣጠሚያውን ፈልገው ነው የሚለዩት። ጭኑን ከፍተው በሆዱ አጠገብ፣ ላባ ሲኖር ጨርሶ የማይታይ ቦታ ላይ፣ ጣታቸውን አስገቡ።

«ይኸውና ጉልበቷ» አሉ። «እዚህ ነው የተደበቀው። ወደ ፊት ነው የሚወጣው፤ እንደ አንቺው። ከሱ በታች ቅልጥሟ፣ ማለት ባቷ። ከዚያ በታች ያለው» እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጉልበት ያልኩትን መታጠፊያ በቢላቸው ጫፍ ነኩት፣ «ቁርጭምጭሚት ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ረጅሙ ቅልጥም አይደለም፤ የውስጥ እግሯ ነው፣ ቀጥ ብሎ የቆመ። ዶሮ ተረከዟን መሬት አታስነካም፣ በጣቷ ነው የምትቆመው።»

«ፈረስም እንደዚያ ነው?» አለች ተማሪዬ።

«ፈረስ አርጄ አላውቅም። ግን ላም አውቃለሁ፤ ላምም እንደዚሁ ናት። ያው አንድ ባለሙያ ነው የሠራው፤ አንዴ ያማረለትን አልቀየረውም።»

ፕሮፌሰሩ ቢሰሙ ስለ ባለሙያው ሌላ ሐሳብ ይኖራቸው ነበር። እኔ ግን አልናገርም ብያለሁ።

ተማሪዬ ጎንበስ ብላ የራሷን ጉልበት፣ ከዚያ ባቷን፣ ከዚያ ቁርጭምጭሚቷን ዳሰሰች። ከዶሮዋ ጋር እያመሳሰለች ደጋግማ ወጣች፣ ወረደች። ደብተር አልያዘችም። አንድም ቃል አልጻፈችም። አሥረኛ ቢም ሆነ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳስተምራት እንዲህ ያለ ፊት አይቼባት አላውቅም።

«አንተስ ገባህ?» አሉኝ እትዬ።

«መሰለኝ።»

«መሰለኝ አይሠራም። በጣትህ ቁም።»

ቆምኩ። በሬስቶራንት ወጥ ቤት ውስጥ፣ የፓርኪንግ ዩኒፎርሜን ለብሼ፣ ተረከዜን አንሥቼ።

«ጉልበትህን አጠፍ አድርግ። እንደዚያ። አሁን ተረከዝህ የት ሄደ?»

ወደ ታች አየሁ። ወደ ኋላ፣ ወደ ላይ ወጥቷል፤ ልክ የአከራዬ ዶሮ መሐል እግር ላይ ያየሁት መታጠፊያ ቦታ ላይ።

«አሁን ዶሮ ሆንክ» አሉኝ። «ለዶሮ ግን ትንሽ ትወፍራለህ።»

ተማሪዬ ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች፤ ይህኛው የማይሸሸግ ሳቅ ነበር። እኔ ደግሞ ሚዛኔን ስቼ ማቀዝቀዣው ላይ ተጋጨሁ።

ሐሙስ እሷን ወደ ግራ፣ እኔን ወደ ቀኝ ክፍል አስገቡን። ፕሮፌሰሩ ቃላቸውን ጠብቀዋል፤ አጥንቱ ተበታትኖ፣ ስሙ ያልተጻፈ እንስሳ ሁሉ ነበረበት። እኔ በየጠረጴዛው በጣቴ እየቆምኩ ነው የጻፍኩት፤ ጠባቂው ተማሪ ሽንት የያዘኝ መስሎት ሽንት ቤት እንድሄድ ሁለት ጊዜ ፈቀደልኝ። ስጨርስ እሷ ቀድማኝ ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«የመጨረሻዋ ምን ነበረች? እኔ ሰጎን ብያለሁ» አልኳት።

«አልነግርዎትም።»

«አልቆ የለም እንዴ።»

«ውጤት እስኪመጣ አልነግርዎትም። ዘመዳሞች ነን ተብለናል፤ ይበቃናል።»

ውጤቱ በሳምንቱ በሩ ላይ ተለጠፈ። ፊት ለፊቱ ቆመን በጣታችን ፈለግነው። እሷ ከክፍሉ ሁለተኛ ሆናለች፤ ለነርሲንጉ ከሚጠይቁት በላይ ነው። እኔ አልፌያለሁ፤ ምን ያህል እንደ ሆነ መናገር አያስፈልግም፤ በጣቴ ቆሜ ነው ያለፍኩት ማለት ይበቃል።  ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ፣ ወደ እኔ ዞረች።

«የሚቀጥለው ሴሚስተር ኬሚስትሪ አለብኝ» አለችኝ። «ቲቸር፣ አገር ቤት ኬሚስትሪም አስተምረው ነበር?»

«ኧረ እኔ የለሁበትም።»

«ተመስገን» አለችና ወደ ሥራዋ ሄደች።

ለአንድ ተርም አስተምሬ ነበር። ለአሥረኛ ኤ ብቻ ስለነበር ግን ዝም አልኩ።